ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ለሰው ሲነገር ስለሚያስቅ እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ካገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው። አባቴ በእረኝነታቸው ዘመን አገር ያወቃቸው ዋሽንት ነፊ ነበሩ። ጥርሳቸው ከረገፈ ወዲህ ዋሽንቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እኔ መንፋት አልተማርኩም። ትምህርት ቤት ገባሁና በዚያው ቀረ።

ኮሮና የገባ ጊዜ፣ ቤት ስንውል፣ ሙዝስኮር የሚባል የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። በነፃ ነው የሚገኘው። ኖታ ማንበብን ከዩቲዩብ ለቃቅሜ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ዜማ እየደረስኩ እጽፋለሁ። ግጥም የለውም፤ በመሣሪያ ብቻ ነው። ለዋሽንትና ለክራር፣ አንዳንዴም ለቫዮሊንና ለቼሎ እጽፋለሁ። እስካሁን 23 ጨርሻለሁ። ስም የላቸውም። ‹ቁጥር 1›፣ ‹ቁጥር 2› እያልኩ ነው የማስቀምጣቸው።

ልጃችን ከተኛች በኋላ ማታ አራት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። ጋቢ ደርቤ፣ ኢርፎን ሰክቼ፣ ሳላውቀው ሌሊት ስምንት ሰዓት ይሆናል። ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም ብላኝ ነበር፤ አሁን ግን መሯታል። በቀደም ‹ሌላ ሴት ብትኖርህ ስሟን እጠይቅህ ነበር። ይሄ ምን ይባላል?› አለችኝ። አንድ ጊዜ አሰምቻታለሁ። ግማሽ ደቂቃ ሰማችና ‹ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?› አለች። ቀልዷን ይሁን የምሯን እስካሁን አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ አሰምቻት አላውቅም።

አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮም ወስጄ ነበር። ሰውዬው ትንሽ ሰማና ‹ግጥም አስጽፍበት፣ ዘፋኝ ፈልግለት፣ ከዚያ ና› አለኝ። አባቴንም በፋሲካ በስልኬ አሰማኋቸው። ‹ዜማ ደግሞ እንዴት በወረቀት ይጻፋል?› አሉ። ቀጥለው ‹ይሄ ዋሽንት አይተነፍስም› አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። በትዝታ ስጽፍ ኖታው ሁሉ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን ሙት ነው።

አሁን ዕቁብ ደርሶኛል። አዲስ ላፕቶፕና የሙዚቃ ኪቦርድ ልግዛበት ብዬ አስቤያለሁ። ያሁኑ ላፕቶፕ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ አብሮ ድርግም ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ክረምት ሳይገባ የማድ ቤቱ ጣሪያ ይቀየር ትላለች። እትዬ፣ ልተወው? ችሎታ የሌለኝ ሰው ዝም ብዬ ጊዜዬን እያቃጠልኩ ይሆን?

ቁጥር 24 ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» የሚለው ጋ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። አትቀየመኝ። አንተን እንዴት እንደወጋህ ይገባኛል። ሰው የወራት ልፋቱን ይዞ ቀርቦ እንዲህ ሲባል እንኳን ኢርፎኑ ጆሮውም ይዘጋል። አንተ ግን ያን ቀን የዘጋኸው እስካሁን አልተከፈተም።

እስቲ አንድ ሌሊት በእሷ በኩል ሆነህ አስበው። አንተ ጆሮ ውስጥ ዋሽንት አለ፣ ክራር አለ፣ ቼሎ አለ። እሷ ጨለማ ውስጥ ተኝታ የምትሰማው ማውስ ነው። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ትንሽ ዝምታ። ጠቅ። አራት ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ብርድ። አንዳንዴ አንተ ለብቻህ ፈገግ ትላለህ፤ ፊትህ በስክሪኑ ብርሃን ይታያታል። ባለቤትህ ከሙዚቃህ የምታውቀው ይህንን ነው። «ሌላ ሴት ብትኖርህ» ያለችው ስለ ሙዚቃ ይመስልሃል? ለእኔ የተሰማኝ በሯ ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው ድምፅ ነው። አንተስ ምን ተሰማህ? መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ለራስህ መልሰው።

«ዘፋኙ መቼ ይገባል» ማለቷም ክፋት አይመስለኝም። አገራችን ውስጥ ዜማ ያለ ግጥም ሲመጣ ጆሯችን ግጥሙን ይጠብቃል። ሰም ለበስ ወርቅ ለምዶ ያደገ ሕዝብ ነን። በመሣሪያ ብቻ የሚሠራውንማ ሁሉን ጠቅልለን «ክላሲካል» ነው የምንለው፤ የምናውቀውም ከዜና በፊትና ከሐዘን ጋር ነው። እኛ ቤት ሬዲዮው ከማለዳ ጀምሮ ክላሲካል ከለቀቀ እናቴ ሥራዋን ትታ «ማን ሞተ?» ትል ነበር። እንዲህ ለምዶ ላደገ ጆሮ ግማሽ ደቂቃ አይበቃውም። ደግሞም ያለ ግጥም መድረስ አንተ ያመጣኸው እንግዳ ነገር አይደለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ በደረሷቸው ሥራዎች ነው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ሐዘኑ ባሕር ማዶም ተሰምቷል። ሰው ሰምቶታል ማለት ነው።

የስቱዲዮውን ሰውዬ ተወው። ዘፈን ይሸጣል፤ ዘፈን አምጣ አለህ። ዳቦ ቤት ገብተህ ስለ ስንዴው ቀለም ብትጠይቅ «ስንት ዳቦ ልስጥህ?» ነው የምትባለው።

የአባትህ ነገር ግን ቆም አድርጎኛል። አንተ የተቆጡህ መስሎህ አንገትህን ደፋህ። እኔ ኖታ የሚባል ነገር አላውቅም። ሙዚቃ የሚያስተምር ወዳጅ ስላለኝ የማን እንደሆነ ሳልነግረው ደብዳቤህን አነበብኩለት። «ይሄ ዋሽንት አይተነፍስም» የሚለው ላይ አስቆመኝ። «ሽማግሌው የሰጡት የባለሙያ አስተያየት ነው። ልጁ በቀጥታ ይውሰደው» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ እንደገባኝ ልንገርህ። ኮምፒውተር ሳንባ የለውም። ለዋሽንት የጻፍከውን መስመር ያለ አንዲት ዕረፍት ሃያ ባር (ባር የሚባለው ኖታው በቁም መስመር የሚከፋፈልበት አንዱ ክፍል ነው) ብትዘረጋው ሳይደክም ይጫወትልሃል። የሰው ልጅ ግን አምስተኛው ባር ላይ ፊቱ ይቀላል። ጆሯችን ይህን ያውቃል፤ የማይተነፍስ ነገር ስንሰማ «ሙት ነው» እንላለን። ስለዚህ ከ23ቱ አንዱን ክፈትና የዋሽንቱን መስመር ራስህ በአፍህ አንጎራጉረው። ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ሙዝስኮር ላይ ነጠላ ሰረዝ የምትመስል የትንፋሽ ምልክት አለች አሉ፤ እሷን አስቀምጥበት፣ ወይም ዕረፍት ጻፍበት። ወዳጄ እንደሚለው ጀማሪ ደራሲ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። እጁ ማውስ ላይ ስለሆነ ሳንባው ትዝ አይለውም።

ሁለተኛው ነገር የድምፁ ልክ ነው። ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው ይባላል። አንተም የጻፍከው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ወረቀት ላይ ምንም ስህተት የለውም። ሶፍትዌሩ ግን የፒያኖን አከፋፈል ነው የሚከተለው። አንዱ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው፣ 12 እኩል ቦታ ይከፈልና እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይሆናል፤ ሴንት የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። ዋሽንት ሠሪው ሸምበቆውን ሲበሳ ግን የሚለካው በጣቱ ነው። የአባትህ ዋሽንት ቀዳዳዎች የአባትህን ወይም የሠሪውን ጣት ነው የሚያውቁት። ስለዚህ የእሳቸው «ሚ» ከኮምፒውተሩ «ሚ» ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል አይግረምህ። ሙዝስኮር ላይ አንዱን ኖታ መርጠህ በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ግን በስንት? ይህን ሶፍትዌሩ አይነግርህም። የሚያውቁት ሞላሌ ያሉት ሰው ናቸው።

ጥርሳቸው ረግፏል ብለሃል። ጉሮሯቸው ግን አለ አይደል? መንገዱ ሲፈቅድ በጣርማበር ታጥፈህ አንድ ቅዳሜ ሂድ። ላፕቶፑን ይዘህ እንዳትሄድ። ስልክህን ብቻ ያዝ፤ ቡናው ተፈልቶ፣ እሳቱ ዳር ስትቀመጡ «አባባ፣ ከብት ስትጠብቅ ማታ ማታ ትነፋው የነበረውን በአፍህ አንጎራጉርልኝ» በላቸው። አንቱ የምትላቸው ከሆነም በወጉ። ቅዳው። ዝም ብለህ ስማ፤ አታርማቸው፣ ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም አትክፈት። ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዋሽንት አውርደህ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ እንዲያስቀምጡልህ ጠይቅ። ባይነፉትም ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ታያለህ። ወዳጄ ይህን ስነግረው በቅናት «እኔን ይዘኸኝ ሂድ በለው» አለኝ።

«ዜማ እንዴት በወረቀት ይጻፋል?» ላሉት ደግሞ መልሱ እዚያው አጥቢያቸው ነው። ድጓው ላይ ከግዕዙ ቃል በላይ ደቀቅ ደቀቅ ብለው የሚታዩት ምልክቶች እኮ የዜማ ጽሕፈት ናቸው። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ድፋት፣ ቁርጥ፣ ቅናት። ደብተራው ያየዋል፣ ይዘምረዋል። ግን አባትህም በከፊል ልክ ናቸው። ምልክቱን ብቻ አይቶ ዜማውን የቻለ ተማሪ የለም። ከመምህሩ አፍ ዓመታት ይቀበላል፤ ምልክቱ የሰማውን የሚያስታውሰው ነው። ያንተም ወረቀት እንዲሁ አንድ አፍ ይፈልጋል። እስካሁን 23ቱም ዜማ የወጣው ከኮምፒውተር ብቻ ነው። አንድም ሰው አልተጫወተውም። እኔ በበኩሌ ስለ ችሎታህ ፍርድ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንተም እስከዚያ በራስህ ላይ ባትፈርድ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አንድ ብቻ ምረጥ። አጭሩን፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላውን። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዋሽንት የሚነፋ ወይም ክራር የሚመታ ወጣት አይጠፋም። የባህል ምሽት ያለበት ቤት ጠይቅ፣ የኪነት ቡድን የነበሩ ልጆችን ጠይቅ። ብዙዎቹ በጆሮ የሚጫወቱ ስለሆኑ የታተመ ኖታ ይዘህ ብትሄድ ትተያያላችሁ። ይልቅ የእሱን መስመር ብቻ ለይተህ፣ ፍጥነቱን ቀንሰህ፣ በድምፅ አውጣውና በቴሌግራም ላክለት። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ያደርጋል። ሻይ ጋብዘው፣ ለድካሙም ትንሽ ነገር ስጠው፤ በነፃ አታስለፋው። ሲጫወተው ከጻፍከው ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ የራሱን ይጨምራል። ያኔ ሆድህ ምን ይላል? ትናደዳለህ ወይስ ትደሰታለህ? ይህን ለማወቅ እኔም ጓጉቻለሁ።

ወደ ብሩ ልመለስ። እዚህ ላይ ከባለቤትህ ጋር ነኝ፤ ጣሪያው ይቀደም። የደብረ ብርሃንን ክረምት ማድ ቤት ውስጥ የሚያሳልፈው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። የሙዚቃ ኪቦርድ ለጊዜው ግድ አይደለም። ኖታውን በላፕቶፑ ፊደሎች እየጻፍክ 23 ደርሰሃል። የሚያስፈልግህ ባትሪ ነው። ለላፕቶፕህ የሚሆን ባትሪ ፈልግ፤ ከዕቁቡ ላይ ለእሷ ነግረህ ቀንስ። ተደብቀህ እንዳትገዛ አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል እንዳላልፍ፣ ፋይሎችህ ሁሉ በዚያ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ናቸው? ልቤን አደነገጥከው። ዛሬውኑ ወደ ፍላሽ ገልብጣቸው፣ ለራስህም በቴሌግራም ላካቸው። ወዳጄ ሲያስጠነቅቅህ ደግሞ በሙዝስኮሩ ፋይል ብቻ አታስቀምጣቸው አለ። በፒዲኤፍም፣ ሙዚክ ኤክስኤምኤል በሚባለውም አውጣቸው፤ ሁለተኛው ሌላ የኖታ ሶፍትዌር ሊከፍተው ይችላል። ፊናሌ የሚባል ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ የነበረ ስመ ጥር የኖታ ሶፍትዌር ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ በ2024 ከእንግዲህ አላሻሽለውም ብሎ አቆመው። በእሱ ብቻ የጻፉ ሰዎች ሥራቸውን ለማሻገር ሲሯሯጡ ነበር።

ልተወው ወይ ላልከው፣ ለምን ትተወዋለህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ሦስት ሰዓት ሲጮኽ የሚውለውን ጎረቤትህን «የኳስ ችሎታ አለህ ወይ?» ያለው ሰው አለ? የለም። ደስ ስለሚለው ነው የሚሄደው። አንተም ቀኑን ሙሉ የሰው ሒሳብ ስትደምር ውለህ ማታ የራስህን ነገር ትሠራለህ። ለገበያ ካላዋልከው ከንቱ ነው ያለህ ማን ነው? ሰዓቱን ግን አስተካክል። በየሌሊቱ እስከ ስምንት ሰዓት ማምሸት ለሒሳብ ሠራተኛም ለባልም አይሆንም። ሁለት ሌሊት ምረጡ፤ የትኞቹ እንደሆኑ እሷ ትምረጥ። ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋ። የቀሩት ማታዎች የቤትህ ናቸው።

የዛሬ ማታውን ደግሞ እንዲህ ብታደርግስ? ልጅቷ ስትተኛ ላፕቶፑን አልጋው ላይ አምጣው። ኢርፎኑን ንቀልና አንዱን ጆሮ ለእሷ፣ አንዱን ላንተ አድርገው። ገመዱ አጭር ስለሆነ መጠጋጋታችሁ አይቀርም። በጣም የረቀቀውን እንዳትመርጥ፤ ልጃችሁ በተወለደች ሰሞን የጻፍከው አለ? እሱን አሰማት። ከመጀመርህ በፊት «ዘፋኝ የለውም» ብለህ አስጠንቅቃት። ሲያልቅ «እንዴት ነው?» አትበላት፤ ሰው መልስ ፍለጋ ይጨነቃል። «የትኛው ቦታ ላይ ምን ታየሽ?» ብለህ ጠይቃት። «ምንም» ብትልህም ግዴለም። ሙሉውን ሰምታለች።

ደግሞ «ይሄ ምን ይባላል?» ብላ ጠይቃህ አልነበር? እስካሁን መልስ አላገኘችም፤ ዜማዎችህ እውነትም ስም የላቸውም። ያንን የሰማችውን አንዱን እሷ ስም ታውጣለት። ተናዳ «ዘፋኙ የቀረበት» ብላ ብትሰይመውም እንዳትከራከር፤ እንዳለችው ፋይሉ ላይ ጻፈው።